በስኳር የተወለደችው

እንግሊዞች ቃል ሲቆጥቡ ለጉድ ነው። እኛ የታመመ ልጅ አጠገብ የሚቀመጠውን አስታማሚ እንላለን፤ ወላጅ ለሞተበት ልጅ ሕግ የሚሾምለትን ደግሞ ሞግዚት እንላለን። አስታማሚ ሌላ፣ ሞግዚት ሌላ፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ አይምታታበትም። እነሱ ሁለቱንም ጋርዲያን ብለው ይገላገላሉ። ይገላገሉ፤ ቋንቋው የራሳቸው፣ እኔን ምን ቸገረኝ? የቸገረኝ ያንን ቃል ተሸክመው እኛ ካምፕ ድረስ መምጣታቸውና እኔን መሃል ላይ ማቆማቸው ነው።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረን፣ ከሀዋታ ወዲህ ራሀድ ሜዳ ላይ አራግፈውን ነበር። ያ አገር ሁለት ጠባይ ብቻ ነው ያለው። ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ ጫማ ይነጥቃል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። እኔ ጎንደር አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ጥዬ የመጣሁ ነኝ። ያቺኑ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ይዤ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ሱዳኖቹ ቱርጁማን ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት የሕፃናት መመገቢያ ድንኳን እውላለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከገዳሪፍ ለሚመጣው ለሕጉ መክተብ አስተረጉማለሁ። መክተብ ስል ቢሮ ማለቴ ነው፤ ቢሮውም ቢሆን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። ሁለቱ ቦታዎች በእግር ቅርብ ናቸው፤ ሰው ግን አንዱ ውስጥ የነበረውን ሌላው ውስጥ አይሆንም።

የመመገቢያው ድንኳን ነርስ ፈረንጅ ናት፤ ደግ ሴት ነበረች፣ አልዋሽም። አንድ ደንብ ነበራት፤ ልጅ ያለ ጋርዲያን አይገባም። በእሷ አፍ ጋርዲያን ማለት ኩባያውን ይዞ ወተቱን በማንኪያ የሚያጠጣ፣ ምንጣፉ ላይ አብሮ የሚያድር፣ ተቅማጡን የሚጠርግ ነው። እናት ትሁን አክስት፣ ጎረቤት ትሁን አላፊ አግዳሚ፣ ግድ አልነበራትም። ማነው ጋርዲያኑ ብላ ስትጠይቅ እጁን ያወጣ ሁሉ ጋርዲያን ነው። አንዳንዱ ለአስታማሚ የሚሰጠውን ገንፎ ሽቶ ብቻ እጁን ያወጣ ነበር። ረሃብ ነው፣ ማን ይፈርድበታል?

ጎረቤቴ ከአርማጭሆ በኩል የመጣች ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አንቺ ተማሪ ትለኛለች፤ መማሬ እንደ ጥፋት ሆኖ ይሰማኝ ነበር። እታለም ሕፃን ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ ስትመጣ ጡቷ ገና አልደረቀም ነበር። ድንበሩ ላይ ደግሞ አንዲት የማታውቃት ሴት የወራት ልጅ እንደታቀፈች ሞተች። የልጅቷ አባት አስቀድሞ አገር ቤት ሞቷል። መንገደኛው ሁሉ ያችን ልጅ እያየ ያልፋል፤ የራሱን የሚሸከምበት ጉልበት ያጣ ሰው የሌላውን በምን ያንሳ? እታለም አነሳቻት፣ ጡቷን ሰጠቻት። ካምፕ ስንደርስ የሟቿ አገር ሰዎች የልጅቷን ነገር ለነርሷ ተናገሩ፤ ነርሷም እናት ሞታለች፣ ጋርዲያን አለች ብላ ጻፈች።

ልጅቷ ነፍስ ዘራች። ጉንጯ ሞላ፣ ማልቀስ ቻለች፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ልጅ ካለቀሰ ደስታ ነበር። እታለምን ግን አንድ ነገር አንገበገባት። ውሃ መቅጃው ላይ ሴቶቹ ያቺ የሙት ልጅ እያሉ ይጠሯታል። በክፋት አይደለም፣ የሰው አፍ እንዲሁ ነው። እሷ ግን አልቻለችም።

«የጡት ልጅ ላደርጋት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «እንዳገራችን ወግ።»

ለማያውቅ ልንገረው። በኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ ልጅ ለማድረግ ጡት ላይ ማር ይቀባል። ልጁ ይጠባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቃል ይገባል። ከዚያ ወዲያ ልጁ የተወለደ ነው። ይወርሳል፣ ደም ይመልሳል፣ እህት ወንድሞቹን አያገባም። የእንጀራ ልጅ፣ የሙት ልጅ፣ ያሳደግኩት፣ የሚሉት ወሬ ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃል። ጨርሶ ከአፍ አይወጣም፤ ነውር ነው።

ማር ከየት ይምጣ? በዚያ ሜዳ ንቡም ተሰዷል። የእርዳታ ስኳር በውሃ በጠበጥን። አባ የምንላቸው ቄስ ጽዋውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ማሩም ስኳሩም ከእግዜር ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ፣ እስላም ሽማግሌ ናቸው፣ «በኛም ያጠባች እናት ናት» ብለው ለምስክርነት መጡ። ራኩባው ሥር፣ ያ የሣር ዳሳችን ሥር ማለት ነው፣ ተሰበሰብን። እታለም ስኳሩን ጡቷ ላይ ቀባች። ልጅቷ ቀመሰች፣ ቀና ብላ አየቻት፣ እንደገና ጎረሰች። ሁላችንም ሳቅን፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ወለድኳት» አለች እታለም። «ከዛሬ ወዲያ አልወለድኳትም ብል አንደበቴን ይዝጋው።»

አባ መስቀላቸውን አንስተው ቀጠሉ፤ «አልወለድሻትም ያለሽ፣ እሱም አይውለድ። ቢወልድም አይደግለት።»

አሜን አልን። እኔም ብያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ተመልሶ አይዋጥም።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ እየተንገዳገደች መራመድ ስትጀምር፣ ክፉው ቀን ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አጎት ተብዬው መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከረሃቡ በፊት ተሻግሮ ገዳሪፍ አንድ ነጋዴ ሎሪ ላይ ይሠራል። የነጣ ጀላቢያ፣ የሚያብረቀርቅ ሰዓት፣ የተቀባ ፀጉር። የወንድሙ ልጅ በሕይወት እንዳለች ከሰማ ቆይቷል። አሁን ያመጣው ሌላ ነው። ውጭ አገር ሊሄድ ተመዝግቦ፣ የሙት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ጉዳዩ ቶሎ ይታይለታል የሚል ወሬ ጆሮው ገብቷል። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ እሱ ግን አምኖታል። ነፍሰ ጡር ሚስቱን አስከትሎ እታለም ደጅ ቆመ።

«የወንድሜን ደም ልወስድ ነው» አለ።

«ደምህ ስትደርቅ የት ነበርክ?» አልኩት እኔ ከጎን። አላስቻለኝም።

በማግስቱ ሕጉ መክተብ ሄዶ ተናገረ፤ ጉዳዩ ተከፈተ።

የሕጉ ሰውዬ ወጣት ኸዋጃ ነው፤ ሱዳኖች ፈረንጅን ኸዋጃ ነው የሚሉት። ላቡን እየጠረገ፣ የነርሷን ወረቀት ከጤናው ድንኳን አስመጥቶ ዘረጋው። እታለም ልጅቷን አዝላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጎትየው እግሩን አጣምሮ ከወዲያ ተቀምጧል።

«ጤናው ጋርዲያን ብሏታል» አለኝ ሰውዬው። «ነገር ግን የጤናው ጋርዲያን የእኔ ጋርዲያን አይደለም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ምኑ ያስቃል አለኝ። ምንም አልኩት። አንድ አገር፣ አንድ መንግሥት ከላካቸው ሁለት ሰዎች አፍ ወጥቶ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ቃል ምኑ አያስቅም? ነርሷ ጋ ጋርዲያን ማለት ሌሊቱን መሬት ላይ የተኛች ናት። እሱ ጋ ደግሞ ደም ወይም ወረቀት ነው። እታለም ሁለቱም የላትም፤ ያላት ጡት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የትም አይጻፍም።

«የልጅቷ እናት ናት ወይስ ጋርዲያን?» አለ።

ተረጎምኩላት።

«እናቷ ነኝ» አለች እታለም።

«የወለደቻት እሷ ናት?»

«ወለድኳት።»

ሰውዬው ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። እናት ሞታለች ይላል። ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሷ በጎ እንደሚያስብ ሰው፣ መውጫ መንገዱን ነገረኝ። አልወለድኳትም፣ ያሳደግኳት ነኝ ብትል፣ ጋርዲያን አድርጎ ሊጽፋት ይችላል። አጎትየው በደም ቢቀርብም አንድ ቀን እንኳ ስላላበላት ነገሩ ለሷ ያደላል። ወለድኳት ብላ ከጸናች ግን በሐሰት እንደመሰከረች ይቆጠራል፤ ልጅቷም ለአጎቷ ትሰጣለች። አልወለድኳትም፤ አንዲት ቃል ብቻ።

ነገርኳት።

«አልልም» አለች።

«እታለም!»

«አልልም አልኩ።»

ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረን። ወጥተን ዛፍ ጥላ ሥር ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጮህኩባት። አንዲት ቃል ናት እኮ፣ የፈረንጅ ጆሮ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ቃል ናት፣ እግዜር ያውቅልሻል አልኳት። እሷ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታበጥራታለች።

«አንቺ ተማሪ፣ ያን ዕለት አሜን አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ በየት በኩል ነው የምክዳት?»

«ሊወስዷት ነው እኮ! ስትሄድ ቆመሽ ልታያት ነው?»

ማበጠሪያዋ ቆመ። «ቢወስዷት፣ ቀሟት ነው የሚባለው። አድጋ ልብ ስትገዛ እናቴ ማን ናት ብላ ብትጠይቅ፣ ቀምተውሽ ነው ይሏታል። እኔ አልወለድኳትም ብዬ ካስቀረኋት ግን ምን ይሏታል? እናትሽ ሰው ፊት ክዳሽ ነው ያሳደገችሽ ሊሏት ነው?» ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «አንዴ እናቷ ሞታባታለች። ሁለተኛዋ ደግሞ ትካዳት?»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ በንዴት። ያ ሰውዬ በእንግሊዝኛው በጎ ያሰበ መስሎት የሰጣት መውጫ ለሷ ገደል ነው፤ ይህን ደግሞ በየትኛው የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ላስረዳው? ውሸት ልተርጉም ብዬም አሰብኩ። ሆኖም አጎትየው ከሾፌሮች የለቃቀማት እንግሊዝኛ ነበረችው፤ እኔ ስናገር ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውለው። አንዲት ቃል ባዛንፍ ይጮህ ነበር።

ስለዚህ ወደ አባ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ሰሙኝና፣ «ሕጉ ምስክር ይሰማል?» አሉኝ። ይሰማል አልኳቸው። «እንግዲያ እንሄዳለን» አሉ፤ ሐጂንም ጠሩ።

በቀጠሮው ቀን መክተቡ ደጅ ሰው ሞላ። የካምፕ ሰው ሥራ የለው፣ ነገር ካለ እዚያ ነው። የአጎትየው ሚስት ሆዷ ገፍቷል፤ ሙቀቱን አልቻለችምና ውጭ ድንጋይ ላይ ጥላ ይዛ ተቀመጠች። ነርሷ ደግሞ ጊዜዋን ጨርሳ አገሯ ገብታለች፤ እነሱ አመጣጣቸውም አካሄዳቸውም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ብቻውን ቀረ። የጻፈችው ስለሌለች የሕጉ ሰውዬ በወረቀቱ ብቻ ሊፈርድ አልፈለገም፤ ምስክር እሰማለሁ አለ። አባን አስነሳቸው።

«ልጅቷ ስትወለድ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ! እኔው ነኝ የመረቅኳት።»

ሰውዬው ቀና አለ። «የት ነው የተወለደችው?»

«እዚያ ማዶ፣ ራኩባው ሥር።»

«ሐኪም ነበር?»

«ሐኪም ለምን? ማን ታሞ?»

ደጅ ያለው ሰው ሳቀ። ሐጂ ብድግ ብለው እሳቸውም እንደነበሩ፣ ስኳሩንም በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ። ስኳር የሚለውን ስተረጉም የሕጉ ሰውዬ ብዕሩን አስቀመጠ። ስለ ማሩ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ቃሉ እንደምንም አድርጌ ነገርኩት። ሰማኝ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ባህላችሁ ደስ ይላል አለ። ደስ ይላል! ሰው አንጀቱን ዘርግቶ ሲያሳይህ ጥለቱ ያምራል እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ አጎትየው ዞረ።

«አንተ ተነስና ማል። ይህች ሴት ልጅቷን አልወለደችም በል። ከዚያ ያልቃል።»

አጎትየው ተነሳ። ጀላቢያውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እታለም ዓይኗን ጨፍና የልጅቷን እግር በሁለት እጇ ይዛለች።

አባ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም ያዘኑለት ይመስላሉ። «ልጄ፣ ያን ዕለት አልነበርክምና ቃሉን ሳትሰማ አትናገር። ኋላ አልነገራችሁኝም እንዳትል። እንዲህ ነው ያልነው፤ አልወለድሻትም ያለሽ፣ እሱም አይውለድ። ቢወልድም አይደግለት። ሕዝቡም አሜን ብሏል።» መስቀሉን ዘረጉለት። «እንግዲህ እንዳሻህ።»

አጎትየው አፉን ከፈተ።

«ኧረ ተው!» የሚል ጩኸት ከውጭ መጣ። ሚስቱ ናት። ሆዷን ይዛ እየተደናቀፈች ገባች። «ኧረ ተው በሆዴ! በወለድኩት ባልወለድኩት አትማልብኝ! ውጭ አገሩ በአፍንጫዬ ይውጣ!»

የሕጉ ሰውዬ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ታማለች አልኩት። ምን ልበለው?

አጎትየው ሚስቱን አየ፣ መስቀሉን አየ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። የተቀባ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወርዶ ነበር።

«አልምልም» አለ።

«እሷ አይደለችም ማለትህ ነው ወይስ ናት?» አለ የሕጉ ሰውዬ። «እናቷ ማን ናት?»

ደጅ ያለው ሕዝብ ወደ በሩ ተጠጋ።

«እሷ ናት» አለ አጎትየው በመጨረሻ፣ በአገጩ ወደ እታለም እያሳየ። «እሷ ወለደቻት።»

ፍቅር አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ አውቃለሁ። ፍርሃትም ቢሆን ጆሮዬን አላመንኩትም። እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። የሕጉ ሰውዬ ግን ሌላ ጥያቄ መጣበት።

«እሷ ከወለደቻት እሱ እንዴት አጎቷ ሆነ?»

«የአባቷ ወንድም ነዋ!» አሉ አባ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ እንደማለት።

ሰውዬው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየና ፊቱ በራ። ገባኝ፣ ገባኝ አለ። እታለም የሟች ወንድሙ ሚስት ናት ማለት ነው! ነርሷ ተሳስታለች፤ አስተርጓሚ በሌለበት መዝግባ ይሆናል፤ ይህ ያጋጥማል። እናት ካለች ጋርዲያን ምን ያደርጋል? ማናችንም ሳንተነፍስ ጻፈው፣ ማኅተሙን መታው፣ ፋይሉን አጠፈው። እንዲህ ነው እንግዲህ ሕግ። የስኳሩን እውነት ሐሰት ብሎ ሊመዘግብ ሲያስፈራራ ከርሞ፣ አንዲትን ሴት በዓይኗ አይታው ለማታውቀው የሞተ ሰው ዳራት፤ ያውም በደስታ። እኔም ደስ ብሎኝ የጻፈውን ተረጎምኩላቸው።

አጎትየው ይነሳል፣ ይጮሃል ብዬ ነበር። እግሩን እያየ ተቀመጠ። እታለም ልጅቷን እንዳዘለች ተነስታ አጠገቡ ቆመች።

«ወንድምህ ተዝካሩ ወጥቶለታል?» አለችው።

ቀና አለ። «ማን ያወጣለታል? እኔ እዚህ ነበርኩ። አገር ቤት ሰው አልቀረም።»

«ፍትሐትስ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ባሌ ነው ተብሎ ተጽፎ በከንቱ አይቀርም» አለች እታለም። «የክርስትና ስሙ ማን ነው? ለአባ ልሰጣቸው፤ እሑድ ይጥሩት።»

ያ ሰዓቱ፣ ያ ጀላቢያው፣ ያ ኩራቱ ሁሉ ተንኮታኩቶ እንደ ሴት ደረቱን ይዞ አለቀሰ። ምን እያሉ ነው አለኝ የሕጉ ሰውዬ ቦርሳውን እየዘጋ። የቤተሰብ ወሬ ነው አልኩት።

እታለም ጆሮዋን አስጠጋችለት፤ ነገራት። እንዳይጠፋት ደጋግማ በከንፈሯ አለችው። ከዚያ ልጅቷን ከጀርባዋ ፈታች።

«እንካ፣ ያዛት» አለችው። «አጎቷ አይደለህ?»

እጁን ዘረጋ። ክንዱን ከየት አግብቶ በየት እንደሚደግፋት ጠፍቶት ተንገዳገደ። የወንድሙን ደም ሊወስድ የመጣው ሰው፣ እስከዚያች ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አቅፏት አያውቅም ነበር።